አምፖሎቹና የዘካሪያ ዓይን

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2012

ኮርማክሳር ካለው ኮሌጅ በጊዜ ተመለስኩ። ላቦራቶሪ ሥራ የለም። ተማሪዎቹ ሰልፍ ላይ ናቸው… ሚዛኖቹን ወልውዬ፣ ሽቦዎቹን በየመሳቢያቸው መልሼ፣ በር ዘጋሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የፊዚክስ ላቦራቶሪ ሠራተኛ፤ ዛሬ አቧራ ጠራጊ።

መብራት ሁለቴ ሄደ። ገና ኤፕሪል ነው። ጁን ሲገባ ምን ልንሆን ነው?

ባለቤቴ ዘካሪያ እንደወትሮው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ የሰው ማራገቢያ ይጠግናል። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው። የተቃጠለውን ሞተር ፈትቶ አዲስ ሽቦ ይጠመጥማል። ሽቦው ከፀጉር አይወፍርም። ቀና ሳይል አናገረኝ።

"ይሄ አምፖል ሃያ ዋት ነው?"

"ካርቶኑ ላይ ሃያ ይላል።"

"ካርቶን ምን የማይለው አለ። ወላሂ ሃያ አይደለም። መለኪያውን ከላቦራቶሪ አምጪልኝ።"

የመንግሥት ዕቃ ነው አልኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አል-ሒስዋ ኃይል ማመንጫ ቆጣሪ ሲያስተካክል የኖረ ሰው፣ ስለ መብራት ሲናገር አይከራከሩትም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 16

ኡስታዝ ኢሳምን ጠየቅኩት። አለቃዬ ነው፤ ተማሪ ሆኖ እዚሁ ላቦራቶሪ ውስጥ ፊውዝ ሲያቃጥል አውቀዋለሁ። "ይውሰዱት ኡሙ ሃዲል፣ ማን ይነካዋል" አለኝ፤ እዚህ የምጠራው በልጄ በሃዲል ስም ነው። "ውጤቱን ግን ይጻፉልኝ። ተማሪ ከተመለሰ መልመጃ እናደርገዋለን።"

የብርሃን መለኪያውንና የዋት መለኪያውን በፎጣ ጠቅልዬ በአውቶቡስ አመጣሁ። እንደ ሕፃን ታቅፌ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 19

ዛሬ ለካን። መስኮት የሌላት ዕቃ ቤታችን ውስጥ፣ በቀን ስድስት ሰዓት። ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገባ።

ሦስት አምፖል ነበረን። አንደኛው ካርቶኑ ላይ ኮከብ ያለበት፣ ባለ ኮከቡ፣ ዘካሪያ የሚረግመው፤ ሁለተኛው ባለ ጀልባው፣ ከጎረቤት የተዋስኩት። ሁለቱም እንደ ገመድ የተጠማዘዙ ቆጣቢ አምፖሎች። ሦስተኛው የድሮው ባለ መቶ ሻማ፣ ቀይ የሚያበራው። መለኪያውን አንድ ሜትር ላይ አስቀመጥኩ። ቆጣቢዎቹን ስናበራ ዘካሪያ እጄን ያዘኝ። "ቆይ። እስኪሞቁ ሦስት ደቂቃ ይፈልጋሉ።" ተማሪ ሆንኩ።

መስመሩ ራሱ ደካማ ነው፤ ሁለት መቶ ሃያ መሆን የነበረበት ቮልት መቶ ሰባ ስምንት። የድሮው አምፖል ሰባ አንድ ዋት በላ፣ ብርሃኑ በመለኪያው ሃምሳ አንድ። ባለ ጀልባው፣ ሃያ ሦስት የተጻፈበት፣ ሃያ ብቻ በልቶ ዘጠና ሁለት ሰጠ። ባለ ኮከቡ… ሃያ የተጻፈበት አሥራ ሁለት ዋት ይበላል። ብርሃኑ አርባ አንድ።

"አላልኩሽም?" አለ። "አላልኩሽም ኡሙ ሃዲል?"

እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆየ። ባለ ኮከቡን ነቅሎ ቁምሳጥን ላይ ወረወረው። እኔም ደስ አለኝ። አንድ ሰው በዚህ ከተማ አንዴ እንኳ ልክ ሲሆን ደስ ይላል።

እሑድ፣ ኤፕሪል 22

ባለ ጀልባ ገዝቼ ከጠረጴዛው በላይ ሰቀልኩለት። ቤቱ ነጭ ሆነ። የግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ታየ።

ተቀመጠ። ሽቦውን አነሳ… አስቀመጠ።

"ይሄም ያው ነው" አለ።

"ለካነው እኮ።"

"ዛሬ ቮልቱ ወርዶ ይሆናል።"

ለካሁት። መቶ ሰማንያ አንድ። ከሐሙሱ ይሻላል። አልነገርኩትም። ሁለተኛ ባለ ጀልባ ጨመርኩለት።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 27

ልጃችን ሃዲል ከቢር ፈድል መጣች። የባሏ ቤተሰቦች ከእርሻቸው ሐብሐብ ልከውልናል። ምሳ በላን። ዘካሪያ ራሱ ሻይ ልቅዳ አለ፤ ለልጁ ሁሌም ራሱ ነው የሚቀዳላት። ማንቆርቆሪያውን አነሳና ከብርጭቆው ጎን ምንጣፉ ላይ ቀዳው። ቀስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ። ሃዲል አየችኝ። እኔ ምንጣፉን አየሁ።

"አባ…" አለች።

"መብራቱ ነው" አለ። "ይሄ ክፍል ውስጥም አምፖል ቀይሩ።"

በቀን ስምንት ሰዓት ነበር። መስኮቱ ክፍት።

ሐሙስ፣ ሜይ 3

የብርሃን መለኪያውን አላምነውም አለ። "እሱም ከአምፖሎቹ አገር ነው የመጣው።" በወጣትነቱ ማሠልጠኛ ያስተማሩትን የድሮ ዘዴ አሳይሻለሁ አለኝ። ነጭ ወረቀት መሃል ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ታንጠባጥቢያለሽ። ወረቀቱን በሁለት አምፖሎች መካከል ታቆሚያለሽ። ብርሃኑ ከሁለቱም ወገን እኩል ሲደርስ የዘይቷ ነጥብ ከወረቀቱ ጋር ትመሳሰልና ትጠፋለች። ከዚያ በኋላ ርቀቱን መለካት ነው፤ የትኛው በስንት እጥፍ እንደሚያበራ ይታወቃል። መለኪያ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል አለ።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከአንዱ ጫፍ ባለ ጀልባውን፣ ከሌላው ባለ ኮከቡን አደረግን። እኔ ወረቀቱን ቀስ እያልኩ እገፋለሁ፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ያያል።

"ግፊ… ግፊ… በቃ። እዚህ ጋ ጠፋች።"

አየሁ። ነጥቧ አልጠፋችም። ወረቀቱ መሃል ላይ ፍጥጥ ብላ ነበር፤ ከበሩ ላይ ሆኖ ማንም ሊያያት ይችላል።

"ጠፋች አይደል?" አለኝ።

"አዎ።"

ለምን አዎ አልኩ? ሁለተኛ እንሞክር አለ። ሁለተኛ ጊዜ ሌላ ቦታ አስቆመኝ፣ ከመጀመሪያው አንድ ክንድ የራቀ። አሁንም ጠፋች አለ። አሁንም አዎ አልኩ። ርቀቱን በሜትር ለካ፤ ሜትሩን አፍንጫው ሥር አድርጎ። ሒሳቡን በቃሉ ሠራ። ሒሳቡ ትክክል ነበር።

ዓርብ፣ ሜይ 4

ዋሸሁት። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር በሥራ ነገር ዋሽቼው አላውቅም።

እሑድ፣ ሜይ 6

ሙቀቱ ሠላሳ ስድስት። ዘካሪያ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ላብ ገባበትና በፎጣ ሸፈነው።

"ሄደ መብራት?" አለ።

አልሄደም። ሁለቱም አምፖል ይበራል። ከላያችን የጣራው ማራገቢያ፣ ፓንካው፣ ይዞራል፣ ድምፁ ይሰማል። እሱም ሰማ… ራሱን ወደ ጣራው ቀና አድርጎ ሲያዳምጥ አየሁት። መብራት ከሌለ ፓንካ እንዴት ይዞራል? ዕድሜውን በዚህ ሥራ የጨረሰ ሰው ነው፤ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ፎጣውን ከቀኝ ዓይኑ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ።

"መጣ" አለ።

"አዎ፣ መጣ" አልኩ።

ግራ ዓይኑ አያይም። ጭራሽ አያይም። መቼ ነው የሞተው? አጠገቤ ሲተኛ፣ አጠገቤ ሲበላ… የት ነበርኩ እኔ?

ረቡዕ፣ ሜይ 9

ሐኪም ቤት አልሄድም እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ዓይኔን አሞኛልና አብረኸኝ ሂድ አልኩት። ወዲያው ተነሣ። ጫማውን በእጁ እየዳሰሰ ሲፈልግ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ዶክተር ላይላ ወጣት ናት፤ ድምጿ ዝቅ ያለ። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ "ደህና ነሽ ኻላ" አለችኝ፣ አክስቴ እንደማለት። ከዚያ "እስቲ ዓሚ እርስዎም ይቀመጡ፣ ከመጡ አይቀር" አለችው፣ አጎቴ ብላ። በር ላይ በጆሮዋ ነግሬያት ነበር። ገብቶታል መሰለኝ፤ ግን ተቀመጠ።

ብዙ ቆየች። የዓይኑን ግፊት ሁለቴ ለካች። ጤነኛ ዓይን ከሃያ አንድ አያልፍም አለች። የእሱ ሠላሳ ስምንት። ሰማያዊው ውሃ ይሉታል እዚህ። ዓይን ውስጥ ያለው ውሃ መውጫ ያጣና ነርቩን ቀስ በቀስ ይገድለዋል። አያምም፣ አይቀላም። ግራው አልቋል። ቀኙ በቧንቧ ቀዳዳ እንደማየት ነው።

"አምፖሉ ደክሞ መስሎኝ…" አለ ዘካሪያ።

"ብርሃን ቢጨምሩም አይጨምርልዎትም፣ ዓሚ። የሞተው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት እንሞክር።"

ቤተሰብ ውስጥ ይህ ያለበት ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። የለም ሊል ነው ብዬ ስጠብቅ፣ "እናቴ" አለ። ድሬዳዋ፣ ግድግዳ እየዳሰሰች ነበር የምትኖረው። እርጅና ነው ብለው ነገሩት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት ስለ እናቱ ሲያወራኝ ይህችን አንዲት ነገር አልነገረኝም።

ልጅ ካላችሁ ይመርመር አለች።

ጠብታ ሰጠችን። በየማታው አንድ። "ከፍሪጅ እንዳይወጣ" አለች። ከፍሪጅ።

ሐሙስ፣ ሜይ 10

ሃዲል ተመረመረች። ለጊዜው ደህና ነች፤ በየዓመቱ መምጣት አለባት። አልሐምዱሊላህ። በዚህ ሳምንት ያለቀስኩት ይሄን ስሰማ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ሜይ 24

መብራት ሦስት ሰዓት ይመጣል፣ ሦስት ሰዓት ይሄዳል። ጠፊ-ለሲ ይሉታል የሰፈሩ ልጆች፣ ጠፋ-በራ። እንደ ጨዋታ።

ጠብታው በጨርቅ ተጠቅልሎ የፍሪጁ ጥግ። በሩን ማንም እንዳይከፍት አልኩ። እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ለማን ነው የምናገረው?

ትናንት ተቀምጬ አሰላሁ። የቤታችን አምፖሎች ሁሉ ቆጣቢ ሆነው፣ ባለ ጀልባ ሆነው፣ የምናተርፈው ዋት ለፍሪጁ ይበቃል ወይ ብዬ። ይበቃል። በደንብ ይበቃል። ምን ዋጋ አለው… እኔ የቆጠብኩት ዋት ተጠራቅሞ አይጠብቀኝም። ሲሄድ ለሁላችንም ነው የሚሄደው፤ ለቆጠበውም ላልቆጠበውም።

ማክሰኞ፣ ጁን 12

አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ መብራት አልመጣም። ጠዋት በረዶ ፍለጋ ወጣሁ። ከበረዶ ፋብሪካው በር ላይ ያለው ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። አንዲት በጦርነቱ ከአብየን የተፈናቀለች ሴት ለልጇ ትኩሳት ነው አለች። ጡብ የሚያህል በረዶ ደረሰኝ፣ ግማሹን ለእሷ ሰበርኩላት። የቀረው ቤት ሳልደርስ ውሃ ሆነ።

የጠብታው ብልቃጥ በመዳፌ ውስጥ እንደ እጄ ይሞቅ ነበር።

ረቡዕ፣ ጁን 27

ሌላ ብልቃጥ የለም። ክሬተርም፣ ሙዓላም፣ መንሱራም ያሉ መድኃኒት ቤቶችን ጠየቅኩ። ከሰንዓ ይመጣል፣ መንገዱ ተዘግቷል ይላሉ። ዶክተር ላይላ ጋ ሄድኩ፤ ሙቀት የማይፈራ ሌላ ጠብታ አለ፣ ግን አስም ላለበት ሰው አይሆንም። ዘካሪያ ከልጅነቱ አስም አለበት።

"የሞቀውን ልጨምርለት?"

"ጨምሪለት ኻላ። ይሠራ እንደሆነ ግን ማለት አልችልም።"

ቀዶ ጥገና ካይሮ አለ አለች። ሁለታችንም ጠረጴዛውን አየን።

እሑድ፣ ጁላይ 8

ፀጉር ቆራጩ ቡርሃን ማራገቢያውን ይዞ ተመለሰ። ከትናንት ወዲያ ነበር ተጠግኖለት የወሰደው። አፍሮ በር ላይ ቆመ። "ዓሚ ዘካሪያ፣ ይቅርታ… አንድ ሰዓት ሠርቶ ጨሰ።"

ዘካሪያ ሞተሩን ፈታ። በጣቱ ብቻ ዳሰሰው። ሽቦው በሁለት ቦታ ተልጦ ነበር። ሳያየው ነው የጠመጠመው።

ቡርሃን ሲሄድ፣ ሌሎቹን የሰው ሞተሮች ከመደርደሪያው አንድ በአንድ አወረደ። "ለባለቤቶቹ መልሺልኝ" አለ። "ምን ብዬ?" "ሙቀቱ አልተመቸውም በይ።"

አራት ነበሩ። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ አደረስኩ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 25

ረመዳን። ይህን ደብተር ሁልጊዜ ከክረምት ብርድ ልብስ ሥር ነበር የምደብቀው። እሱም አማርኛ ያነባል፤ በዚህ ቤት ከእኔ ሌላ የሚያነብ እሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ረስቼው ሥራ ሄድኩ። ስመለስ ዘካሪያ አጠገቡ ተቀምጧል። ክንዱ ገጹ ላይ። ምንም አልሆነም።

ከእንግዲህ የትም ባስቀምጠው ምንም አይሆንም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 11

ከዐስር ሶላት በኋላ ወለሉ ላይ ተጋድመን። መብራት የለም። እንደተኛ መስሎኝ ነበር።

"ያን ቀን" አለ፣ "የዘይቷ ነጥብ ጠፍታ ነበር?"

ደግሜ ልዋሽ? ጾም ላይ ነኝ።

"አልጠፋችም።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት?"

"መቼ አየኋትና። ነጥቧን አይደለም፣ ወረቀቱን ራሱን አላየሁትም። በእጅሽ ድምፅ ነው የት እንደደረሰ የገመትኩት። መሃል አካባቢ በቃ ልበል ብዬ… አልጠፋችም ትይኛለሽ ብዬ ስጠብቅ አዎ አልሽኝ። ያኔ ነው የፈራሁት። እንዳወቅሽ ገባኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺስ?"

እጁን ፈልጌ ያዝኩት። መዳፉ ለስልሷል። ሽቦ ከተወ ወሩ ነው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10

ተማሪዎች ተመለሱ። ኡስታዝ ኢሳም አልረሳም፤ የአምፖሎቹን መልመጃ ዛሬ እናድርገው አለ። ሰንጠረዡን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። የተጻፈው ዋት፣ የሚበላው ዋት፣ የሚሰጠው ብርሃን። ተማሪዎቹ ባለ ኮከቡ ላይ ሳቁ።

ከዚያ ኡስታዝ ኢሳም የዘይቷን ዘዴ እናሳያቸው አለኝ። ወረቀቱን እኔ ገፋሁ። አሥራ አንድ ተማሪ በየተራ ጎንበስ እያለ አየ። አሥራ አንዱም "እዚህ ጋ" ያሉት ቦታ ከአንድ ጣት ውፍረት በላይ አይለያይም።

እንዴት ቀላል ነገር ነው።

እጄን ልታጠብ ብዬ ወጣሁ። ኡስታዝ ኢሳም ተከትሎኝ መጣ። "አሞዎት ነው?" ሙቀቱ ነው አልኩት። ሙቀቱ በዚህ ከተማ ለሁሉም ነገር ሰበብ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 22

አዲስ ብልቃጥ ከሰንዓ ገባ። ሃዲል ናት ያገኘችው። ከቢር ፈድል በበረዶ ሣጥን፣ ጭኗ ላይ አድርጋ አመጣችው። ሮጬ ዶክተር ላይላ ጋ ወሰድኩት ዘካሪያን። ቀኝ ዓይኑ ላይ የእጅ ባትሪዋን አበራች። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ፣ ከታች። "ከየት በኩል ነው ዓሚ?"

"ከላይ" አለ። ከታች ነበር።

"አሁንስ?"

"ከቀኝ።"

ባትሪው ጠፍቶ ነበር።

ብልቃጡን ለሌላ በሽተኛ እንድትሰጠው እዚያው ተውንላት። ሃሳቡ የእሱ ነበር። ሃዲል ደረጃው ላይ ባዶውን ሣጥን ይዛ ተቀመጠች፤ ለረጅም ጊዜ አልተነሣችም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 19

መብራት አሁን ደህና ነው። ሙቀቱ ቀንሷል፣ ሰው ቬንትሌተር አያበራም፣ ስለዚህ አይጠፋም። ሁሉም አምፖል በሥርዓት ይበራል። ለእኔ።

አል-ሒስዋ ውሰጂኝ አለ። ከጁምዓ በኋላ በአውቶቡስ ሄድን። ክንዴን መያዝ ለምዷል፤ እኔም እርምጃዬን ማሳጠር ለምጃለሁ። ደረጃ ሲመጣ "ደረጃ" እላለሁ። የማመንጫው አጥር ዳር ስንደርስ ቆመ። የሽቦ አጥሩን ጨብጦ አዳመጠ። ሁለቱ ተርባይን ይሠራሉ፣ ሦስተኛው ቆሟል አለኝ። እኔ የሰማሁት አንድ ጉምጉምታ ብቻ ነው።

ከዚያ ባሕሩ ዳር ወርደን አሸዋው ላይ ተቀመጥን። የውሃ ወፎች ነበሩ፣ ብዙ። ስንት እንደሆኑ ነገርኩት። ቀለማቸውን ጠየቀኝ፤ አንድ በአንድ ነገርኩት፣ የማላውቀውን አላውቀውም አልኩ። ከእንግዲህ የምነግረው ነገር ሁሉ እውነት መሆን አለበት። ሌላ የሚያጣራበት የለውም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ፀሐይዋ ከውሃው በላይ፣ ፊት ለፊታችን ነበረች። እኔ በመዳፌ ጋርጄ እንኳ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እሱ ዓይኑን ከፍቶ በቀጥታ ወደ እሷ ይመለከታል። አንዴም አላርገበገበም።

"ፀሐይ ገባች?" አለኝ።

"አልገባችም።"

"እሺ" አለ። "እንግዲያው ትንሽ እንቆይ።"